አምስቱ ዘጠኞች

ሁመድ እንድሪስ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ከገባ ጀምሮ ሥራው ፍሪጅ መጠገን ነው። ጌጃ ሰፈር ካለችው አንድ ክፍል ሱቁ ሠላሳ አንድ ዓመት ንቅንቅ አላለም። የሰፈሩ ሰው እንደሚያወራለት፣ ሁመድ ፍሪጅ ከመፍታቱ በፊት ጆሮውን ከፍሪጁ ጀርባ ለጥፎ ያዳምጣል፤ ከዚያ ቀና ይልና "ይሄ ጋዝ ጨርሷል" ወይም "ይሄ ሞተሩ አብቅቶለታል" ይላል። ብዙ ጊዜ አይሳሳትም። አሁን አሁን ግን የሚያዳምጠው ፍሪጅ እየጠፋ ሄደ። ሰው የተበላሸውን አውጥቶ ይጥልና አዲስ ይገዛል፤ አዲሶቹ ደግሞ ሲበላሹ ተፈትተው የሚጠገኑ አይደሉም። በዚያ ክረምት ሁመድ ሱቁ ደጃፍ ወንበር አውጥቶ ዝናብ ሲያይ የዋለባቸው ቀናት ይበዙ ነበር።

ዶክተር ለሊሴ ሚደቅሳ የመጣችው እንዲህ ባለ ቀን፣ በነሐሴ አጋማሽ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ የያዘችው ጃንጥላ አንድ ጎኑ ተሰብሮ ትከሻዋ በስብሷል።

"ጋሽ ሁመድ እርስዎ ነዎት?"

"ነኝ። ግቢ፣ ዝናቡ አይምታሽ።"

"ማቀዝቀዣ ተበላሽቶብኝ ነበር። ግን..." ፈራ ተባ አለች። "ፍሪጅ አይደለም።"

"ታዲያ ምንድነው? የሥጋ ቤት ነው?"

"ከዜሮ በታች ሁለት መቶ ስልሳ ዘጠኝ ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ ማሽን ነው።"

ሁመድ የምትቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ማሽኑ ያለው ከልደታ ማርያም ዝቅ ብሎ በሚገኝ የምርምር ተቋም ምድር ቤት፣ መስኮቶቹ በጥቁር ጨርቅ በተሸፈኑ አንድ ክፍል ውስጥ ነበር። ለሊሴ ትምህርቷን ውጭ አገር ጨርሳ ስትመለስ፣ የተማረችበት ቤተ ሙከራ አሮጌውን ማሽን ሰጣት። በመርከብ መጥቶ ጉምሩክ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። ከወገብ የማይበልጥ ኮምፕሬሰር አለው፤ ከእሱ ሁለት ወፋፍራም ቱቦዎች ተነስተው ጠረጴዛ ላይ ወደቆመ የብረት በርሜል ይሄዳሉ። ቱቦዎቹ ውስጥ የሚመላለሰው ሂሊየም ጋዝ ነው። የሆነ ቦታ ቀዳዳ አግኝቶ ጋዙ ቀስ በቀስ ወጥቶ አልቋል። አምራቾቹ ባለሙያ እንዲልኩ ብትጽፍላቸው፣ ሞዴሉ ያረጀ ስለሆነ አንመጣም አሏት።

ሁመድ ኮምፕሬሰሩን ዞሮ አየው። የበርሜሉን ነገር ባያውቀውም ይሄኛው የፍሪጆቹ ዘመድ ነው። "ጋዝ ጋዝ ነው፣ ቱቦም ቱቦ ነው" አለ፤ በሳሙና አረፋም ቱቦዎቹን አንድ በአንድ እየዳበሰ መፈለግ ጀመረ። በሦስተኛው ቀን ሁለት ቦታ አገኘው። አንደኛው መጋጠሚያው ላይ ያለቀ ላስቲክ ነው። ሁለተኛው ኮምፕሬሰሩ ውስጥ ያለ፣ በፀጉር ያህል የተሰነጠቀ መዳብ ነው። ላስቲኩን ቀየረ፤ ስንጥቁን በብር ሽቦ በየደ።

እየሠራ ሳለ ጠየቃት። "ይሄ ሁሉ ብርድ ለምንሽ ነው?"

ከመሳቢያ ትንሽ ሣጥን አውጥታ ከፈተችለት። ውስጡ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ፣ ግራጫ የምታብለጨልጭ ስባሪ አለች።

"እዚህች ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ነጥቦች አሉ። ኳንተም ዶት ይባላሉ። አንድ ሴሚኮንዳክተር ውስጥ የተቀበረ የሌላ ሴሚኮንዳክተር ብናኝ ማለት ነው። አንዷን መርጠን ሌዘር ስንተኩስባት ብርሃን ትመልስልናለች፤ ግን በአንድ ጊዜ አንድ ፎቶን ብቻ።"

"ፎቶን?"

"የብርሃን ቅንጣት። ከዚያ በታች አይከፈልም።"

"አምፖልስ ብርሃን ይሰጥ የለም እንዴ?"

"አምፖል ግር አድርጎ ነው የሚለቀው። በግንቦት ልደታ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ አይተውት የለ? እንደዚያ። ስንት እንደሆነ ማንም አይቆጥረውም። የኔ ነጥብ ግን በጠባብ በር አንድ ሰው፣ ቆይቶ ሌላ አንድ ሰው። ሙቀት ካለ ነጥቧ ትረበሻለች። ለዚህ ነው ብርዱ።"

"ከዚያስ? አንድ በአንድ ቢወጣ ምን ይጠቅማል?"

"ምስጢር ለመላክ። ብዙ ብርሃን ከላኩ መንገድ ላይ ትንሽ ቀንሶ የሚያነብ አይጠፋም። አንድ ብቻ ከሆነ ግን የሚቀነስ የለም፤ የነካው ሰው ይታወቅበታል።"

ሁመድ ስባሪዋን ለረጅም ጊዜ አያት። ያን ዕለት ማታ እራት ላይ ለሚስቱ ለመርየም ይህንኑ ሲያብራራላት እንጀራው ደረቀ። መርየም ባሏ ከሥራ መጥቶ ወሬ ካወራላት ስንት ጊዜ እንደሆነ ማስታወስ ስላቃታት አላቋረጠችውም።

ስባሪዋ ግን የለሊሴ አልነበረችም። የውጭዎቹ ያዋሷት ናት፤ ጥቅምት ሲያልቅ መመለስ አለባት። የተቋሙ ኮሚቴም በዚያው ወር ይሰበሰባል። ውጤት ካላሳየች ክፍሉ ለሌላ ሥራ ይሰጣል ተብላለች።

ጥገናው ካለቀ በኋላ የቀረው ሂሊየሙን መሙላት ብቻ ነበር። የሚሞላው ደግሞ ዝም ብሎ ሂሊየም አይደለም።

"አምስት ዘጠኝ መሆን አለበት" አለችው። "ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ ዘጠኝ ዘጠኝ። ከመቶ ሺህ አንድ እጅ እንኳ ሌላ ነገር ካለበት አይሆንም። እዚያ ብርድ ውስጥ አየር ራሱ ድንጋይ ይሆናል።"

ይህን ለሁመድ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም ነበር። ፍሪጅ ውስጥ የምትገባ አንዲት የውሃ ጠብታ ቀጭኑ ቱቦ ጫፍ ላይ በረዶ ሠርታ መንገዱን እንደምትደፍን ከሃያ ዓመቱ ጀምሮ ያውቃል። ስንቱን ፍሪጅ ከዚያ አድኗል።

ንጹሑ ጋዝ አገር ውስጥ ስለሌለ ግዥ ክፍል እንዲያዝላት ደብዳቤ አስገባች። ጳጉሜን አለፈ፤ መስከረም ገባ፤ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ አልደረሰም ተባለ። መስቀል ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት ለሊሴ ሱቁ መጥታ የሁመድ ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

"ቢያንስ አራት ወር ነው አሉኝ" አለች። "አራት ወር ጋሽ ሁመድ! እኔ ያለኝ አራት ሳምንት ነው።"

ሄዳ ካበቃች በኋላ ሁመድ አንድ ነገር ትዝ አለው። ሠርግ ላይ ጣራ ሥር የሚንሳፈፉት ፊኛዎች የሚሞሉት በሂሊየም ነው።

በማግስቱ ሜክሲኮ ሄደ። ኢክላስ የምትባል የአርባ ዓመት ሴት፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሠርግና የልደት ዲኮር ትሠራለች። ፍሪጇን ስለጠገነላት ትውውቅ አላቸው። መጋዘኗ ውስጥ፣ በወርቃማ ወንበሮችና በላስቲክ አበባዎች መሃል፣ ቁመቱ ሰው የሚያህል ሲሊንደር አሳየችው። ጽሑፍ ተለጥፎበታል፤ ዘጠኞቹም አምስት ናቸው።

ሁመድ መነጽሩን አድርጎ ጠጋ አለ። ወረቀቱ ሥር የሌላ ወረቀት ጠርዝ ይታያል። አንገቱ ላይ ቀለሙ ከሰውነቱ ጋር አይመሳሰልም፤ የቫልቩ ጥርስ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተፈታና የታሰረ ነው።

"ንጹህ ነው ይሄ?"

"ያመጣልኝ ሰው አንደኛ ነው ብሎኛል" አለች ኢክላስ። "ለፊኛ ምን ችግር አለው? ይንሳፈፋል።"

"እንደገና የተሞላ ነው?"

"እሱን እንኳ አላውቅም ጋሼ። ለምን ፈለግከው?"

ሁመድ ለምን እንደፈለገው አልነገራትም። አንድ ሲሊንደር አስጭኖ ልደታ ሲወርድ፣ ታክሲው ውስጥ ሆኖ ወረቀቱን በአውራ ጣቱ ጥፍር ፋቅ ፋቅ አደረገው፤ ከሥር ያለው ጽሑፍ ግን ተቀዶ ስለነበር የሚነበብ አልነበረም። ደግሞም ማንበብ የፈለገ አይመስልም ነበር፤ ሁለቴ ብቻ ፍቆ ተወው።

ለሊሴ ሲሊንደሩን ስታይ ደረቷን ያዘች። ዘጠኞቹን በጣቷ ቆጠረቻቸው።

"አረጋግጠዋል ጋሽ ሁመድ?"

በዚያች ቅጽበት ማለት የነበረበትን ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ ቀን ከሌት የሚያስበውም ያንኑ ነው። አፉ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነበር።

"አረጋግጫለሁ" አላት።

ቱቦዎቹን አጠቡ፣ አየሩን መጠው አወጡ፣ ጋዙን ሞሉ። ማሽኑ ሲነሳ ጠረጴዛው ላይ ያለው በርሜል "ጭው... ጭው... ጭው" እያለ እንደ ሰው መተንፈስ ጀመረ። ማሳያው ላይ ያለው፣ ከብርድ መጨረሻ ጀምሮ በኬልቪን የሚቆጥረው ቁጥር ከሁለት መቶ ዘጠና ተነስቶ ቁልቁል ይወርዳል። መቶ ሲደርስ ሁመድ ከወንበሩ ተነሳ። ሃያ ሲሆን ለሊሴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አራት ላይ፣ ማለትም ከዜሮ በታች ሁለት መቶ ስልሳ ዘጠኝ ላይ፣ ቆመ። ሁመድ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ብርድ ሠርቶ አያውቅም።

ሦስት ቀን ሠራ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ደወለችለት። "ይምጡ፣ አሁኑኑ ይምጡ" አለችው። ከጌጃ ሰፈር እስከዚያ ድረስ በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ሊሮጥ ምንም አልቀረው።

ከነጥቧ የሚወጣው ብርሃን ግማሹን የሚያሳልፍ፣ ግማሹን የሚመልስ መስታወት ላይ ያርፋል አለችው። መስታወቱ ግራና ቀኝ ለሁለት ቆጣሪዎች ያካፍላል። ብርሃኑ ብዙ ከሆነ ሁለቱም ቆጣሪ እኩል የሚመታበት ጊዜ ይኖራል። አንድ ብቻ ከሆነ ግን ወይ እዚህ ነው ወይ እዚያ፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይመቱም።

ኮምፒውተሩ ላይ እንደ ጥርስ የተደረደሩ ዘንጎች ይታያሉ። መሃል ላይ አንዱ የለም፤ ወላቃ ነው። ሥሩ ላይ ጥቂት ፍርፋሪ ነጠብጣብ ብቻ ቀርቷል።

"ያ ባዶ ቦታ ነው" አለች ለሊሴ። "እኩል የመቱበት ጊዜ የለም ማለት ነው። አንድ በአንድ ነው የሚወጣው።" ከሥር ያለውን ቁጥር በጣቷ አሳየችው። "ለኮሚቴው ለማቅረብ ግን ቆጠራው ገና ትንሽ ነው። ሁለት ቀን ደግሞ ከሠራልኝ ይበቃኛል።"

ሁመድ ወላቃውን ቦታ እያየ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ስለ ሲሊንደሩ ያሰበውን ሁሉ ያን ሰዓት ረሳው። ወይም ረሳሁት ብሎ ራሱን አሳመነ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ እንደገና ስልኩ ጮኸ። የምድር ቤቱን ደረጃ ሳይጨርስ ሰማው። የማሽኑ ትንፋሽ "ጭው" ማለቱን ትቶ "ጠቅ... ጠቅ" ይላል፤ ድንጋይ እንደሚፈጭ ጥርስ። ቁጥሩ አራት አልነበረም። ዘጠኝ ሆነ። እያዩት አሥራ ሰባት ሆነ።

"ምንድነው ጋሽ ሁመድ? ምን ሆነ?"

"አጥፊው" አላት።

"ቆጠራው እኮ..."

"አጥፊው ልጄ፣ ይበልጥ ይሰበራል!"

አጠፋችው። ክፍሉ ጸጥ አለ።

እስኪሞቅ አንድ ቀን ጠብቀው ፈቱት። ውስጡ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰው የፕላስቲክ ፒስተን ዙሪያውን ተፍቆ ነጭ ዱቄት ሆኗል። በርሜሉም ግድግዳው ተቧጭሯል። ያን ያደረገው በረዶ የሆነ አየር ነው፤ አሁን ግን ሞቆ ተመልሶ አየር ሆኗል። ምንም ምልክት አልተወም። ሁመድ ዱቄቱን በጣቱ አንስቶ አየው። የሆነውን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም።

ለሊሴ ጎኑ ተንበርክካለች። "ከትናንት ወዲያ መጋጠሚያውን እኔ ነኝ ያጠበቅኩት" አለች። "ትንሽ የላላ መስሎኝ። አየር ያስገባሁት እኔ እሆን?"

ሁመድ ቀና ሳይል "እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል" አላት።

ከዚያ ሱቁ ገብቶ ተቀመጠ። ጥቅምት አሥራ ምናምን ነበር። መርየም ምግብ አልበላ ሲላት ጨጓራው የተነሳበት መስሏት የተልባ ውሃ አፈላችለት። "ያቺ ልጅ ደህና ናት?" ስትለው "ደህና ናት" አላት። ከሲሊንደሩ ወዲህ የዋሸው ሦስተኛ ውሸት ነው ብሎ ቆጠረው።

የተቋሙ ጥበቃ ገብረጊዮርጊስ፣ የራዲዮውን ገመድ ሊያስበይድ ሱቁ ብቅ ያለው በሳምንቱ ነው። ሲሄድ በር ላይ ቆም አለና "ዶክተሯ እኮ አሳዘነችን" አለ። "በኔ ጥንቃቄ ጉድለት ነው የተበላሸው ብላ ጽፋ ፈርማ ሰጠች አሉ። ዕቃ ክፍሉ ሁሉ የሚያወራው እሱን ነው።"

ሁመድ ሱቁን እንኳ በወጉ ሳይቆልፍ ወጣ።

ለሊሴ ስባሪዋን በጥጥ ጠቅልላ ለመላክ ሣጥን ውስጥ እያስቀመጠች አገኛት። ወንበር ስትስብለት አልቀመጥም አለ።

"ጋዙ ነው" አላት። "አንቺ አይደለሽም። ወረቀቱ ሌላ ወረቀት ላይ የተለጠፈ ነው። አንገቱን አይቼዋለሁ። ደጋግሞ የተሞላ ነበር።"

መጠቅለሏን አቆመች።

"ስጠይቅዎት አረጋግጫለሁ ብለውኛል።"

"ብያለሁ።"

"በምን አረጋገጡ?"

"በምንም።"

"ለምን ታዲያ?"

"ሲሠራ ማየት ፈለግኩ" አለ። "እምቢ ብልሽ ሌላ ጊዜ የምትጠሪኝ አልመሰለኝም።"

ለሊሴ ወደ ማሽኑ ዞረች። ፊቷን አያይም። "እጆቼን ነው የማየው" አለች ቀስ ብላ። "ሳምንት ሙሉ። የቱ ጣቴ ነው ያጠበቀው እያልኩ። እናቴ ታማ እየጠበቀችኝ እዚህ ቁጭ ብዬ መጋጠሚያውን መቶ ጊዜ ፈትቼ አስሬዋለሁ።"

"አፉ በይኝ ልጄ።"

"አንድ ነገር ልንገርዎት" አለች ዞራ። ዓይኖቿ ቀልተዋል፣ ግን እንባ የላቸውም። "እኔም ያን ዕለት በምን እንዳረጋገጡ አልጠየቅኩም። አምስት ዘጠኝ በምን ይረጋገጣል? እዚህ አገር መለኪያው የት አለ? መጠየቅ ነበረብኝ። ይህን የምልዎት ግን ላጽናናዎት ብዬ አይደለም።"

በማግስቱ ሁመድ የሆነውን ሁሉ በእጁ ጽሑፍ ሁለት ገጽ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ለኮሚቴው ጸሐፊ ሰጠ። ጸሐፊዋ ማኅተም መታችበትና ፋይል ውስጥ አስገባችው። ውሳኔው ግን ቀደም ብሎ ተወስኖ ነበር። ማን እንዳበላሸው ሳይሆን መበላሸቱ ነው የታየው። ክፍሉ ለመዝገብ ቤት ተሰጠ። ለሊሴ ከታኅሣሥ ጀምሮ ሜክሲኮ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ የአንደኛ ዓመት ፊዚክስ ልታስተምር ተቀጠረች። የሦስቱ ቀን ቆጠራ ኮምፒውተሯ ውስጥ አለ፤ ለምርምር ጽሑፍ ግን አይበቃም። ሌሎች ከዓመታት በፊት የሠሩትን ከእነሱ ባነሰ ቁጥር የደገመ ነው።

ኅዳር ላይ ንብረት ክፍሉ ሁመድን አስጠራው። ኮምፕሬሰሩን ከግድግዳው የሚያላቅቅ ሰው ይፈልጋሉ፤ ሌላ የሚያውቀው አልተገኘም።

ማለዳ ሄደ። ጥቁሮቹ መጋረጃዎች ወርደው ክፍሉን ፀሐይ ሞልቶታል፤ ግድግዳው ሻጋታ እንዳለው ያወቀው ያን ዕለት ነው። ቱቦዎቹን ሲፈታቸው የተረፈው ጋዝ ፍስስ ብሎ ወጣ። የቱቦዎቹንና የኮምፕሬሰሩን አፎች በአልኮል ጠርጎ፣ በፕላስቲክ ክዳን እየደፈነ በቴፕ መጠቅለል ጀመረ።

ለሊሴ መስታወቶቿን ልትወስድ ካርቶን ይዛ ገባች። ቆማ አየችው።

"ለማን ብለው ነው?"

"ለማንም። አቧራ ከገባበት ያልቅለታል።"

"አልቆ የለም እንዴ?"

"በርሜሉ ነው ያለቀው። ኮምፕሬሰሩ ደህና ነው። የተበየደውም ይዟል።"

መስታወቶቿን አንድ በአንድ በጋዜጣ እየጠቀለለች ካርቶኑ ውስጥ ደረደረች። ሁመድ የመጨረሻውን ክዳን ሲደፍን ቴፑ እጁ ላይ እየተጣበቀ አስቸገረው። ለሊሴ መጥታ ክዳኑን በአውራ ጣቷ ያዘችለት፤ እሱ ሦስት ጊዜ ዙሪያውን ጠመጠመው።

ካርቶኗን አንስታ "ደህና ይዋሉ" አለችው። ጋሽ ሁመድ አላለችም።

ሁለት ወዛደሮች መጥተው ኮምፕሬሰሩን በጋሪ ወደ መጋዘን ወሰዱት። የተሰባበሩ ዴስኮችና ያረጁ ማተሚያዎች ከተከመሩበት ጥግ ግድግዳ አስጠግተው አቆሙት። ሁመድ የማስረከቢያውን ወረቀት ፈረመ። ገብረጊዮርጊስ በሩን ሲቆልፍ አየና መሣሪያ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አድርጎ በእግሩ ወደ ጌጃ ሰፈር ሄደ።